ሎሚ የነካው ፊት

«አቧራ ነው፣ እማማ። በሎሚ ፈተግ ፈተግ ሲደረግ ይለቃል።»

ይህን ያለኝ ባለፈው ሳምንት፣ እዚሁ አዳማ፣ የጎረቤቴ ልጅ በተዳረችበት ሆቴል፣ ክራቫቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ አንድ ጎልማሳ እንግዳ ተቀባይ ነው። ከበሩ በስተቀኝ ከአዲስ እንጨት የተሠራ፣ በመስታወት የተከደነ ቁም ሣጥን አለ። ውስጡ አውራ ጣት የሚያህሉ ያረጁ የብረት ሰዎች ተደርድረዋል፤ ባለ ከበሮ፣ ባለ ፈረስ፣ ባለ ጦር። ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ከሸጠ ፈረንጅ የተገዙ ናቸው ይላል የተለጠፈው ጽሑፍ። ሰርገኛው ሁሉ እያየ ያልፋል። እኔ መነጽሬን አውጥቼ ቆምኩ። ከፈረሱ ሆድ ሥር፣ ከበሮው ከሰውየው ጭን በሚገጥምበት ስርጉድ ውስጥ፣ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ፈልቷል። አቧራ አይደለም። አቧራ ከላይ ነው የሚወርደው፤ ትከሻና ባርኔጣ ላይ ነው የሚያርፈው። ይሄ የሚጀምረው ከተሸሸገ ቦታ ነው፤ ከብብት፣ ከእግር ሥር፣ ቀለሙ ከተላጠበት። አቧራ ሲጠረግ ከሥሩ ልሙጥ ብረት ታገኛላችሁ፤ ይሄ ሲጠረግ ከሥሩ ጉድጓድ ነው፤ ሰነባብቶም ተመልሶ ይፈላል። ይህን ሁሉ በሰርግ ቀሚሴ ቆሜ፣ ሙሽሪት በምትገባበት ሰዓት፣ አዳራሹ ዘወር ብሎ እስኪያየኝ ድረስ ጮኼ ተናገርኩ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሰው ዝም ሳሰኝ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሰውየው ግን አልገባውም። «እሺ እማማ፣ አይቆጡ እንጂ» አለኝ፤ «ሎሚው ካልተመቸዎት በአቼቶ እናስደርገዋለን።»

በአቼቶ! ምሳዬን ሳልበላ ወጣሁ።

ሰው እያረጀ ሲሄድ ንዴቱ ይበርዳል የሚሉኝ አሉ። የእኔ አልበረደም። የወጣትነታችን ዘመን ነገር ሲነሳ ደግሞ ሰዉ እንባ ባቀረረ ዓይን «አይ ጊዜ!» ሲል የባሰ ያናድደኛል። እርግጥ ነው፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር። ከሻይ ቤቱ መስኮት የወጣው የቦምቦሊኖ ሽታ እስከ ባቡር ጣቢያው ይከተላችሁ ነበር። ያኔ ከተማዋን ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ሲቆም ሴቶቹ ፓፓያና ብርቱካን በሰፌድ ተሸክመው በመስኮቶቹ ሥር ይሽቀዳደማሉ፤ ከሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንዱን ዘፈን እስኪሰለቸን ይደጋግመዋል። ወንዶቹ ከታች የሰፋ ተርጋል ሱሪ ለብሰው መንገዱን እየጠረጉ ይሄዳሉ፤ ቆየት ብሎ ሁሉም በየተራ ካኪ ለበሰ። ስሙኒ ያለው ሰው ጋሪ ላይ ወጥቶ፣ የፈረሱ ግንባር ላይ ያለው ቀይ ጉንጉን ሲወዛወዝ እያየ፣ እንደ ባላባት ከተማውን ይዞራል። አሁን ጋሪው ቀርቶ ባጃጁ ነው የሚጮኸው፤ ጣቢያው ፊት ለፊት የነበረው ዋርካም ተቆርጦ ስልክ መሸጫ ሆኗል። ይህ ሁሉ ደስ ይል ነበር፤ አልክድም። ግን በዚያው ዘመን፣ በዚያው መንገድ፣ ሰው የሚወደውን ነገር ሁሉ ሣጥን ውስጥ መደበቅ ተማረ። መደበቅ ደግሞ ማቆየት መሰለው። የምናደደው በዚህ ነው።

አባቴ በጣቢያው መንገድ በነበረ ጋራዥ የመኪና ባትሪ አዳሽ ነበር። ከሞተ ባትሪ የሚወጣውን እርሳስና አሮጌ የውሃ ቧንቧ እሑድ እሑድ በጣሳ አድርጎ ከሰል ላይ ያቀልጣል። ከዝዋይ መንገድ ለስላሳ ድንጋይ እያመጣ በምስማርና በምላጭ ይፈለፍለዋል፤ ቀልጦ የሚብለጨለጨውን እርሳስ እዚያ ውስጥ ያፈሰዋል። ሲቀዘቅዝ ድንጋዩን ለሁለት ከፍሎ ትንሽ ሰው ያወጣል። ሁሉም የሰፈራችን ሰው ነበር። ባንዲራ የያዘው የጣቢያው ዘበኛ፣ ዳቦ ሻጯ፣ ሸንኮራ የሚመጠው ሰካራም፣ ጋሪ ነጂው ቱሉ ከነፈረሱ። ቱሉ ራሱን ባየ ቀን አዟዙሮ አዟዙሮ ካየው በኋላ፣ «ወይ ጋሼ! ፈረሱን አሳምረው እኔን እንዲህ አስቀያሚ ያደርጉኛል?» ብሎ ጮኸ። አባቴ ዓይኑን ከምስማሩ ሳያነሳ፣ «ፈረሱ ዝም ብሎ ስለሚቆምልኝ ነው» አለው።

ከሁሉም መካከል ጃንጥላ የያዘች አንዲት ሴት ነበረች። የእኔና የታላቅ እህቴ እናት ናት። እናቴ ስትሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ፎቶግራፍ ተነሥታ አታውቅም። አባቴ በሞተች በዓመቷ ነው ያወጣት። ፊቷ ከበቆሎ ፍሬ አይበልጥም፤ ግን ቅንድቧ፣ ትንሽ ወደ ግራ ጠመም ያለው አፏ፣ ፀሐይ እንደወጋው ሰው የተጨፈነው አንድ ዓይኗ፣ ሁሉም ነበረ። በልጅነቴ መስኮቱ ላይ ተሰልፈው በሚቆሙበት ቦታ ሄጄ እሷን ብቻ አነሣለሁ። «እማዬ ምን ትመስል ነበር?» ብሎ ለሚጠይቀኝ የማሳየው እሷን ነበር። ሌላ የለኝም።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። አምስት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ እትዬ ዘነበች ዓለም ጤና ለሚኖር ሽንኩርት ነጋዴ ስትዳር፣ ለአባቴ የማበስለው እኔ ሆንኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ሃያ ዓመቴን አልፌ፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ ከመነኩሲት ጎን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ። አስተማሪያችን ፀጉሩን ያጎፈረ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ መጻፊያ ለሁሉም አልዳረስ ብሎ፣ «እስቲ እርሳስ ያለው እጁን ያውጣ» አለ።

እጄን አወጣሁ። በዕድሜዬ የእንጨት መጻፊያ በእጄ ይዤ አላውቅም፤ እርሳስ ማለት ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እኛ ቤት እርሳስ ሞልቷል» አልኩ። «አባቴ በጣሳ ያቀልጠዋል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መነኩሲቷ ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። አስተማሪው እያሳየኝ፣ «ይሄ'ኮ ነው እርሳስ፣ እትዬ» አለ። በሩ ላይ የቆመው የቀበሌ ጥበቃ ግን አልሳቀም። እርሳስ ለልጁ መጻፊያ ነው፤ ለእኔ የአባቴ ትንንሽ ሰዎች ናቸው፤ ለዚያ ሰውዬ ግን ሦስተኛ ነገር ነበር። በዚያ ጊዜ ቤቱ እርሳስ የሚያቀልጥ ሰው ጥይት ካልሠራ ምን ሊሠራ?

በማግስቱ ጠዋት ከቀበሌው ሦስት ሆነው መጡ። «እርሳሱ የታለ?» አሉ። አባቴ ትንንሾቹን ሰዎች በትሪ ይዞ ወጣ። «ጥይቱን ነው ያልንህ!» አለ አንዱ። «ያለኝ ይሄ ነው» አለ አባቴ። ሰውየው በጣቱ ሲያተራምሳቸው ቆይቶ ባለ ጃንጥላዋን አነሣ።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ሚስቴ ናት።»

አንደኛው በአፍንጫው ሳቀ። አባቴን ከነጣሳው፣ ከነድንጋዮቹ ወሰዱት። አሥራ አንድ ቀን ታስሮ ተፈታ፤ ድንጋዮቹ ግን አልተመለሱም። ዳግመኛ አላቀለጠም። እኔን አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ትንንሾቹን ሰዎች እትዬ ዘነበች «እኔ ዘንድ ይደበቁ» ብላ ዓለም ጤና ወሰደቻቸው። ባሏ አዲስ የጥድ ሣጥን አሠራ። የጥድ ሣጥን ታውቃላችሁ፤ ብል አይደፍረውም፤ የሙሽራ ልብስ የሚቀመጥበት ነው። እያንዳንዳቸውን በጥጥና በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ በጓጉንቸር ቆለፈችባቸው። ከዚህ በላይ ፍቅር የለም። ከዚህ በላይ ጥፋትም የለም።

አባቴ በሁለተኛው ዓመት ዐረፈ። እኔ ከመሠረተ ትምህርት ወጥቼ ትምህርት ቤት የከሰዓት ፈረቃ ገባሁ፤ ከዚያም ዘጠነኛ ክፍል ደረስኩ፤ ልጆቹ «እትዬ፣ መልሱን ያሳዩን» እያሉ የሚቀልዱብኝ ትልቅ ሴት ሆኜ። አንድ ፋሲካ ዓለም ጤና ሄድኩና እትዬን ለምኜ ሣጥኑን አስከፈትኳት። ገና ክዳኑ ብድግ ሲል ኮምጠጥ ያለ ሽታ ፊቴን መታኝ። ጥጡ ከእግራቸው ጋር ተጣብቋል። ባንዲራ ያዡ ዘበኛ እስከ ጉልበቱ በነጭ ዱቄት ተለብጧል። እናቴን አየሁ፤ ቀሚሷ ጫፍ ላይ ጀምሯታል፤ ፊቷ ግን ደህና ነው። «ሻጋታ ነው፤ ፀሐይ ይበቃዋል» አለች እትዬ። ቱሉን በመሐረብ ጠቅልዬ ይዤ ተመለስኩ።

የኬሚስትሪ አስተማሪያችን መምህር ገመቹ ይባሉ ነበር። መሐረቡን ስፈታው ዱቄቱን እፍ ልል አፌን አሞጠሞጥኩ፤ እጃቸውን ሰንዝረው አስቆሙኝ።

«እንዳትነፊበት! መርዝ ነው። የት ነበር የተቀመጠው?»

«ሣጥን ውስጥ ነው፣ መምህር። ምርጥ የጥድ ሣጥን ነው፤ ብል እንኳ አይደፍረውም።»

«ብሉ ለምን አይደፍረውም ይመስልሻል?»

መልሱን ራሳቸው ሰጡኝ። «እንጨት ይተነፍሳል» አሉኝ። «ተቆርጦም፣ ተጠርቦም ይተነፍሳል። ትንፋሹ ኮምጣጣ ነው። ጋዜጣውም እንደዚያው። ክፍት ቦታ ቢሆን ነፋስ ይወስደዋል፤ ሲቆለፍበት ግን እርሳሱ ያንን ቀንና ሌሊት እየማገ ይበላል።» አላመንኩ ይሆን ብለው ነው መሰለኝ፣ በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ አቼቶ አፍስሰው ቁራጭ እርሳስ በክር አንጠለጠሉበትና ከደኑት፤ ሌላ ቁራጭ ደግሞ የመስኮቱ ብረት ላይ አስቀመጡ። አቼቶው እርሳሱን አልነካውም፤ ሽታው ብቻ ነው ያገኘው። በሁለተኛው ሳምንት የጠርሙሱ ነጭ ዱቄት ለበሰ። የመስኮቱ ደብዘዝ ብሎ ግራጫ ሆነ እንጂ ምንም አልሆነ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው አሳዩኝ። «ግራጫው ኩታው ነው፤ አትግፈፊው» አሉ። «ነጩ ግን እከክ ነው።»

የነገሩኝን በደብተሬ ጻፍኩ። ከእንጨት ይውጡ፤ ጥጡም ጋዜጣውም ይጣል። ነጩ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ቀስ ተብሎ ይነሣ፤ ጨርቁ ይጣል፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ልጅ አይጠጋ። ከዚያ ብረትና መስታወት ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝበት፣ እርጥበት በሌለበት ይቁሙ። በላበት እጅ አይነኩ። በየወሩ ተነሥተው እግራቸው ሥር ይታይ። ኮምጣጣ ነገር ፈጽሞ አይቅረባቸው። ይህን ከሁሉ በታች ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። የመጀመሪያዋን ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ዓለም ጤና ወረድኩ፤ እትዬ ፊደል አታውቅምና በባሏ ፊት ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። «ነጩ በሽታ ነው፤ መነሣት አለበት...» ከማለቴ ባሏ እንጀራውን እንደጎረሰ ሳቀ።

«ኧረ መሠረተ ትምህርት መጣችልን! ደሞ እርሳስ ታመመ? ሐኪም እንጥራለት?»

እሱን ችላ ብዬ፣ «እትዬ፣ ቢያንስ እማዬን ስጪኝ» አልኩ።

እትዬ ዘነበች ብድግ አለች። «አባባን በአፍሽ አሳሰርሽው» አለችኝ። «እነዚህን ያተረፍኩት እኔ ነኝ። ፊደል ስለ ቆጠርሽ አሁን እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

ምን ይባላል? እውነት ነው፤ ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ደብተሬን አጥፌ፣ ቀሪውን ሳላነብ፣ ያሰመርኩበትን ሳላነብ፣ በመጣሁበት አውቶቡስ ተመለስኩ። አንዲት መስመር፣ ያሰመርኩባት ብቻ፣ ትበቃ ነበር። ቢስቁብኝስ? ቢሰድቡኝስ? ቆሜ ላነባት አይገባኝም ነበር ወይ?

ሳምንት ሳይሞላ እትዬ «ነይ ደስ የሚልሽን እዪ» የሚል መልእክት በሽንኩርት ጫኚው ሾፌር ላከችብኝ። ስደርስ ግቢው መሀል፣ ፀሐይ ላይ፣ ሰፌድ ተዘርግቷል። ትንንሾቹ ሰዎች ተሰልፈው ዓይን እስኪያጠፉ ያበራሉ። ጎናቸው የተጨመቀ ሎሚ ክምር፣ አንድ ጣሳ አመድ፣ የተሟለጨ ጭድ። የመዳብ ዕቃ፣ የናስ መስቀል በሎሚና በአመድ ሲፈተግ አይደል የሚያምረው? ከጎረቤት ሴቶች የተማረ እጅ ሌላ ምን ያውቃል? እትዬ ጣቶቿ በአሲዱ ተሰነጣጥቀው፣ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ።

«ነጩ ይነሣ አላልሽም? እንደ ብር አደረግኳቸው!»

እናቴን ፈለግኩ። በጃንጥላዋ ለየኋት። ፊቷ የለም። ቅንድቡ የለም፤ የጠመመው አፍ የለም፤ እንደ ወንዝ ጠጠር የለሰለሰ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር አንገቷ ላይ ተቀምጧል።

«ፊቷስ?» አልኩ።

«የማን ፊት?»

«የእናቴ!»

ተቀበለችኝና አየች። አገላብጣ አየች። ከዚያ አገጯን ቀና አድርጋ፣ «እኔ እንደሆንኩ አውቃታለሁ» አለች። «ፊቷ ልቤ ላይ አለ።»

ይህችን ቃል ነው አርባ ዓመት የተሸከምኩት። ሎሚውን ይቅር እላለሁ፤ አለማወቅ ነው። ግን የራሷን እናት ልቧ ውስጥ ቆልፋ የእኔን ፈትጋ ጣለቻት፤ እንደዚያ ነው የተሰማኝ። ሰፌዱን እንዳለ አንሥቼ ወጣሁ፤ አልከለከለችኝም። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ላይና ክርስትና ላይ ከመሳም በቀር አልተነጋገርንም። የተረፉት ሃያ ሦስቱ አሁን እኔ ቤት ናቸው፤ አንድ ክሊኒክ ዕቃ ሲቀይር በገዛሁት፣ ወንፊት ባለው የብረትና የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን እግራቸውን አያለሁ። አንዲት ነጭ ነጥብ አልተጨመረችባቸውም። ቱሉ ዛሬም አስቀያሚ ነው፤ እኔ ዘንድ ስለነበረ ሎሚ አልነካውም።

የዚያ የሰርግ ቀን ከሆቴሉ እንደወጣሁ ባጃጅ ያዝኩና ወደ ቤቴ ልበል ስል፣ እትዬ ዘነበች ወደምትኖርበት ወደ ልጇ ቤት ውሰደኝ አልኩት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አዳማ ናት፤ ዓይኗ ደክሟል። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳልሰጥ ፊት ለፊቷ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ንገሪኝ» አልኳት። «ፊቷ ልቤ ላይ አለ ብለሽ የለ? ሁለታችንም ሳንሞት ንገሪኝ። እጽፈዋለሁ።»

«አስካለ? ምን ሆነሽ ነው? ሰርግ አልነበርሽም?»

«አፍንጫዋ እንዴት ነበር?»

«ሰልካካ።»

«ባለፈው ክርስትና ለልጅሽ ስትነግሪያት ጎራዳ ነበር አልሽ። ሰምቻለሁ።»

«እንግዲህ... መካከለኛ በይው።»

«መካከለኛ አፍንጫ የለም፣ እትዬ። ቀለሟስ?»

«ጠይም... ቀይ ዳማ መሰለኝ።»

«መሰለኝ? ስትስቅ ጥርሷ ይታያል? ፍንጭት ነበረች?»

«ስትስቅ...» አለች። እጆቿ ጭኗ ላይ አንድ ትንሽ ነገር እንደያዙ ሆነው ቀሩ። «አንዱን ዓይኗን ጨፈን ታደርግ ነበር» አለች። «አፏ ወደ ግራ...»

«እሱ እርሳሱ ነው!» ጮህኩባት። «እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ! እማዬን ነው ያልኩሽ!»

«እኔስ የት አውቃታለሁ?» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «ስትታመም አቦምሳ አክስቴ ዘንድ ላኩኝ። ስመለስ አልጋዋ እንኳ የለም። አልቅሼ አልቅሼ መልኳ ጠፋብኝ። አባባ ያችን ሲሠራ ‹ይችውልሽ› አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ የማውቀው እሷን ነው። አንቺ የምታውቂውን ነው የማውቀው።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አውቃታለሁ አልሽኝ?»

«በገዛ እጄ ፍቄ ጨርሻት፣ ምን ልበልሽ?»

«አርባ ዓመት ነው፣ እትዬ! አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ተሳስቼ ነው አትይኝም?»

የደከሙት ዓይኖቿ እኔ ያለሁበትን ፈልገው አገኙኝ።

«ላንቺ?» አለች። «ስህተት ላንቺ ይነገራል እንዴ?»